ጎንደር የተገኘው ሮቦትሮን ስንት ያወጣል?

የአንባብያን ጥያቄና የአዘጋጆቹ መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። የምጽፍላችሁ ከጎንደር፣ ከአራዳ ነው። አጎቴ ከዓመታት በፊት ከአንድ መሥሪያ ቤት ጨረታ ላይ ከወንበርና ከጠረጴዛ ጋር ጠቅልሎ የገዛው አሮጌ ኮምፒውተር ዕቃ ቤታችን ውስጥ ተቀምጧል። ፊቱ ላይ «ሮቦትሮን»፣ ከኋላው ያለው ሳህን ላይ ደግሞ «ፒሲ 1715» ይላል። ሁለት የዲስኬት ማስገቢያ አለው። ሞኒተሩና ኪቦርዱ አብረው አሉ፤ በካርቶንም 7 ትልልቅ፣ ስስ ዲስኬቶች አግኝተናል። ጎኑ ላይ በቀይ ቀለም የንብረት ቁጥርና «79» ተጽፎበታል። አንድ ነጋዴ 12,000 ብር እሰጣለሁ ብሏል። ጎረቤታችን ደግሞ «አሮጌ ኮምፒውተር በ905,000 ዶላር ተሽጧል፣ እንዳትሞኙ» ይላሉ። የማንን ልስማ? ሶኬት ላይ ሰክቼ ልሞክረውስ?

መልስ፦ ከመጨረሻው እንጀምር፦ እባክዎ አይሰኩት። ምክንያቱን ዝቅ ብለን እንመለስበታለን።

ጎረቤትዎ የሰሙት ዋጋ እውነት ነው፤ ዕቃው ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ኒው ዮርክ ላይ በተደረገ ጨረታ 905,000 ዶላር ያወጣው አፕል 1 ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1976 ወደ 200 ያህል ብቻ ተሠርቶ፣ አንዱ በ666.66 ዶላር ይሸጥ ነበር። የተሸጠውም ማሽን የሚሠራ ነበር። ዋጋውን ጣራ ያስነካው ዕድሜው ብቻ ቢሆን ኖሮ ከእሱ ብዙም የማያንሱት የዚያው ኩባንያ አፕል 2 ማሽኖችም ቤት በገዙ ነበር፤ እነሱ ግን በሚሊዮኖች ስለተመረቱ ዋጋቸው ዝቅ ያለ ነው። ስለዚህ አንድን አሮጌ ኮምፒውተር ስንገምት የምንጠይቀው ስንት ዓመቱ እንደሆነ ሳይሆን ስንት እንደተሠራ፣ ስንቱ እንደተረፈ፣ የሚፈልገውስ ማን እንደሆነ ነው።

የእርስዎ ሮቦትሮን ፒሲ 1715 በምሥራቅ ጀርመን፣ ዞመርዳ በምትባል ከተማ ባለው ፋብሪካ እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ ተመርቷል። ልቡ ዩ880 የሚባለው ፕሮሰሰር ነው፤ ይህም የአሜሪካኑ ዜድ80 ግልባጭ ሆኖ በምሥራቅ ጀርመን የተሠራ ነው። ፍጥነቱ 2.5 ሜጋኸርዝ፣ ማስታወሻው 64 ኪሎባይት ነው። የሚሠራበት ሥርዓት ኤስሲፒ ይባላል፤ በዘመኑ ቢሮዎች በስፋት ይጠቀሙበት ከነበረው ሲፒኤም ጋር ይግባባል። ወደ 93,000 ያህል ተሠርቷል፤ አብዛኛውም ወደ ሶቪየት ኅብረት ሄዷል። በደርግ ዘመን ከምሥራቅ ጀርመን ጋር የነበረንን ቅርበት ለሚያስታውስ፣ አይፋ መኪና በመጣበት መንገድ ሮቦትሮንም ጎንደር ቢገኝ አያስገርምም። እንግዲህ በዓለም ገበያ ብርቅ ነው አይባልም። ኢትዮጵያ ውስጥ ግን ሙሉ ሆኖ፣ ታሪኩ ከነማስረጃው የቆየ ከተገኘ ነገሩ ሌላ ነው፤ የእርስዎም ትልቁ ሀብት እዚህ ላይ ነው።

ያ በቀይ ቀለም የተጻፈ የንብረት ቁጥር ዓይን አይስብም። ብዙ ሰው ለመሸጥ ሲያስብ መጀመሪያ የሚያደርገው በቤንዚን ፈትጎ ማጥፋት ነው። እንዳያደርጉት! ማሽኑ ኢትዮጵያ ውስጥ መሥራቱን፣ የትኛው መሥሪያ ቤት ይገለገልበት እንደነበረና መቼ ንብረት ሆኖ እንደተመዘገበ የሚናገረው እሱ ነው። እዚህ ላይ ግን አንድ ወጥመድ አለ። «79» የሚለው በእኛ አቆጣጠር 1979 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጅ ከመስከረም 1986 እስከ መስከረም 1987 ማለት ነው። የውጭ ገዢ ፎቶውን አይቶ እ.ኤ.አ. 1979 ብሎ ያነበዋል፤ ያን ጊዜ ደግሞ ይህ ማሽን ገና አልተወለደም። ወይ ሐሰተኛ ነው ብሎ ይሸሻል፣ ወይ የሙከራ ናሙና መስሎት በኋላ ይጣላዎታል። የዘመን አቆጣጠሩን ልዩነት ገና ሲያስተዋውቁት ይጻፉለት።

አጎትዎ ከጨረታው የያዙት ወረቀት ካለ ይፈለግ። የመንግሥት ንብረት በሞዴል 19 ገቢ፣ በሞዴል 22 ወጪ እንደሚሆን የቢሮ ሰው ሁሉ ያውቃል። የሞዴል 19 ቅጂ ቢገኝ የገባበት ቀንና የተገዛበት ዋጋ ጭምር ይኖረዋል፤ እንዲህ ያለ አንድ ወረቀት ከማንኛውም ማጽዳትና ማሳመር ይበልጣል። የጨረታ ደረሰኝና የማስወገጃ ደብዳቤ ደግሞ ግድ ነው። የመሥሪያ ቤት ቁጥር ያለበትን ማሽን ያለ ወረቀት ይዞ መሸጥ «ከየት አመጣኸው?» የሚል ጥያቄ ያስከትላል፤ ልምድ ያለው ሰብሳቢም አይገዛውም።

ቀጥሎ ሙሉነቱን ይዩ። የዚህ ማሽን ኪቦርድ ለእሱ ብቻ የተሠራ ነው፤ የሌላ ኮምፒውተር ኪቦርድ አይተካውም። ሞኒተሩም እንደዚሁ የራሱ ነው፤ የዛሬ ስክሪን አይሰካበትም። ኪቦርዱ የላቲን ፊደል ነው ወይስ ሩስያኛ? ለሶቪየት ገበያ የተሠሩት ሩስያኛ ነበራቸው። ሁለቱ የዲስኬት ማስገቢያዎች ፊታቸው አንድ ዓይነት ነው? ካልተመሳሰሉ አንዱ በኋላ የተቀየረ ነው። ክዳኑን የያዙት ብሎኖች ሁሉም አንድ ዓይነት ከሆኑና ጭንቅላታቸው ካልተላጠ ብዙ እጅ አልገባበትም ማለት ነው።

ክዳኑን በካቻቪቴ ከከፈቱ (ኬብሉ ከሶኬት ተነቅሎ) ዕድሜውን ከውስጥ ማረጋገጥ ይቻላል። ቺፖች ላይ ከታተሙት ቁጥሮች ባለ 4 አሃዙ ብዙ ጊዜ የተሠራበት ዓመትና ሳምንት ነው፤ 8612 ማለት እ.ኤ.አ. የ1986 12ኛ ሳምንት ነው። ሁሉም ባለ 4 አሃዝ ቁጥር ቀን ነው ብለው ግን አይያዙ። 8255 የሚል ቢያዩ ያ የቺፑ ስም ነው፤ በዓመት 55 ሳምንት የለም። የምሥራቅ ጀርመን ቺፖች ደግሞ ብዙ ጊዜ ዓመቱን በአንድ የላቲን ፊደል፣ ወሩን በአንድ ቁጥር ይጽፋሉ፦ «ቲ» 1985፣ «ዩ» 1986፣ «ቪ» 1987 ነው። አንዳንድ ቺፕ ጀርባ ላይ ወረቀት ተለጥፎ ያገኛሉ። አይላጡት፤ ከሥሩ የመስታወት መስኮት አለ። ብርሃን ከገባበት ፕሮግራሙ ቀስ በቀስ ይጠፋል፤ ቀጥታ ፀሐይ ላይ አንድ ሳምንት ያህል ቢቆይ ይበቃዋል። ፎቶ ለማንሳት ብለው ደጅ አውጥተው ከፍተው የሚያስቀምጡት ሰዎች የሚያጠፉት ይህንን ነው።

አሁን ወደ ሶኬቱ። ማሽኑ ለ220 ቮልት የተሠራ ስለሆነ ከእኛ መብራት ጋር ጠብ የለውም። ችግሩ ለረጅም ዓመታት ያልሠራው ፓወር ሰፕላዩ፣ ማለትም የሶኬቱን መብራት ማሽኑ ወደሚፈልገው ቮልት የሚቀይረው ክፍል ነው። ውስጡ ያሉ ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ትንንሽ ክፍሎች) ይደርቃሉ፤ የመብራት መግቢያው ላይ ያሉት ደግሞ ልባሳቸው ተሰንጥቆ እርጥበት ስለሚጠጡ ሲሰኩ በደቂቃዎች ውስጥ ጭስ ያወጣሉ። ከዚህ የሚብሰው ፓወር ሰፕላዩ 5 ቮልት መስጠት ሲገባው ከፍ ያለ ከሰጠ ነው፤ ያን ጊዜ የማስታወሻ ቺፖቹ ባንድ አፍታ ያልቃሉ። በክረምት መብራት ሄዶ ሲመጣ ያለውን መዋዠቅ ሲጨምሩበት አደጋው ይብሳል።

ስለዚህ ቴሌቪዥን መጠገን የሚያውቅ ባለሙያ ይጥሩና እንዲህ ያድርግ። ፓወር ሰፕላዩን ከዋናው ቦርድና ከዲስኬት ማንበቢያዎቹ ይለየው። የመብራት መግቢያ ካፓሲተሮቹ ከተሰነጠቁ ሳይሞክር ይቀይራቸው፤ ለመብራት መግቢያ ተብሎ የተሠራ ካፓሲተር ይሁን እንጂ ያገኘውን አያስገባ። እንዲህ ያለ ፓወር ሰፕላይ ያለ ጭነት በደንብ አይነሳም፤ 5 ቮልቱ ላይ 12 ቮልት 21 ዋት የመኪና አምፖል ቢያስር 1 አምፔር ገደማ ይስብለታል። ከዚያ ባለ 100 ዋት የቆየውን ዓይነት ክር ያለው አምፖል ከመብራቱ ጋር በተከታታይ አስሮ ይሰካ። አምፖሉ ብልጭ ብሎ ከደበዘዘ መልካም ነው፤ ቦግ ብሎ ከቀረ ውስጡ ሾርት አለ፣ ወዲያው ይንቀለው። ቀጥሎ በቴስተር ይለካ፦ 5 ቮልቱ ከ4.75 እስከ 5.25 መካከል ካልሆነ ቦርዱ አይገናኝ። የሞኒተሩን ጀርባ እርስዎ አይክፈቱት፤ ጠፍቶም ቢሆን በሺዎች የሚቆጠር ቮልት ሊይዝ ይችላል። «ቀይ ሜርኩሪ አለበት» የሚሉዎት ካሉም አይስሟቸው። እንዲህ ያለ ነገር በሞኒተር ውስጥ የለም፤ ያለው እርሳስ ያለበት ወፍራም መስታወት ነው፣ ሲሰበርም ሰው ይጎዳል።

ማሽኑ ከበራ በኋላም «ይሠራል» ለማለት አይቸኩሉ። በውስጡ ያለው ሥርዓቱን ከዲስኬት የሚጭን ትንሽ ፕሮግራም ብቻ ነው፤ ኤስሲፒ የሚመጣው ከዲስኬት ነው። ስክሪኑ ላይ ጽሑፍ መምጣቱ «በርቷል» ያሰኛል፤ ከዲስኬት ተነስቶ ትእዛዝ ሲቀበል ነው «ይሠራል» የሚባለው። በሁለቱ መካከል የዋጋ ልዩነት አለ፤ ገዢና ሻጭ የሚጣሉትም በዚህ ነው። ስለዚህ ከ7ቱ ዲስኬቶች አንዱ የሥርዓቱ ዲስኬት ከሆነ ከማሽኑ ቀጥሎ ውድ ነገርዎ ነው። ግን ያልጸዳ ማንበቢያ ውስጥ አያስገቡት። የጎንደር ክረምት ዲስኬት ላይ ሻጋታ ያበቅላል። በመካከሉ ባለው ቀዳዳ ዲስኩን በጣትዎ ቀስ አድርገው ያዙሩና በመስኮቱ ይዩት፤ ነጭ ነጠብጣብ ካለበት አይሞክሩት። የሻገተ ዲስኬት ማንበቢያውን ያቆሽሻል፣ ማንበቢያው ደግሞ ቀጥሎ የገባውን ደህና ዲስኬት ይፍቀዋል። ጎኑ ላይ ያለችውን የተቆረጠች ቦታ በፕላስተር ይሸፍኑ፤ በዚህ ዓይነት ዲስኬት ሲሸፈን መጻፍ ይከለከላል። ከዲስኬቶቹ አንዱ የደመወዝ መዝገብ ከሆነ የሰዎች ስምና ገቢ ስላለበት ከማሽኑ ጋር አይሽጡት።

ዋጋውን እንግዲህ። ሙሉ ሆኖ የሚሠራ ፒሲ 1715 አውሮፓ ላይ የሚያወጣው በመቶዎች ዩሮ እንጂ በሺዎች አይደለም። ፈላጊውም በብዛት ጀርመን ነው። ኢቤይ በሚባለው የኢንተርኔት ገበያ ላይ ሲፈልጉ ሰው የጠየቀውን ዋጋ ሳይሆን «የተሸጡ» የሚለውን መርጠው በእርግጥ የተከፈለውን ይዩ፤ አንድ ዕቃ በ2,000 ዩሮ ተለጥፎ ዓመት ሊቀመጥ ይችላል። እንደ እርስዎ ያለ፣ ሞኒተርና ኪቦርድ ያለው አምስት ሽያጭ ይሰብስቡ፤ ከፍተኛውንና ዝቅተኛውን ጥለው የቀሩትን ሦስት ይያዙ። ከዚያ የማጓጓዣውን ይቀንሱ። እዚህ ላይ ነው ሒሳቡ የሚሰበረው፦ በአውሮፕላን የሚከፈለው በኪሎ ነው፣ ሞኒተሩም መንገድ ላይ ይሰበራል። ብዙ ጀርመናዊ ሰብሳቢ ሮቦትሮን የሚገዛው ራሱ በመኪና ሄዶ ነው።

ስለዚህ 12,000 ብሩ ዘረፋ አይደለም፤ ግን አሁን አይቀበሉት። ነጋዴው ለምን እንደፈለገው ይጠይቁት። ለመዳብና ለቆርቆሮው ከሆነ ለቆራሌ መስጠት ማለት ነው፤ ይህ ማሽን ሲፈታ ዋጋ የለውም። አንድ ላይ አስቀምጠው፣ ወረቀቱን ፈልገው፣ ፓወር ሰፕላዩን አስመርምረው ቢያቀርቡት በእኛ ግምት የተሻለ ያገኛሉ። የእኛ ምርጫ ደግሞ እዚሁ አገር ለሚጠብቀው ሰው ወይም ተቋም ቢሸጥ ነው፤ ጀርመን ውስጥ ከብዙዎቹ አንዱ ነው፣ ድሬስደን ያለው የቴክኒክ ሙዚየም የሮቦትሮን ስብስብ አለው። የኢትዮጵያ ቢሮ ቁጥር ከነቀዩ ቀለሙ ያለበት ግን እዚህ ነው ትርጉሙ።

ጥያቄ፦ ከአዘዞ። ሻንጣ የሚመስል፣ ክዳኑ ራሱ ኪቦርድ የሆነ፣ ኮምፓክ የሚባል አሮጌ ኮምፒውተር ገዛሁ። ይነሳል፣ ግን ግማሹ ቁልፍ አይጽፍም። ሠሪው «ኪቦርዱ ሞቷል፣ ጣለው» አለኝ። ዋጋ አለው?

መልስ፦ አይጣል። ኮምፓክ ፖርተብል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1983 ገበያ የወጣ፣ 12.7 ኪሎ የሚመዝን፣ 9 ኢንች አረንጓዴ ስክሪን ያለው። በመጀመሪያው ዓመት ብቻ 53,000 ስለተሸጠ ብርቅ አይደለም፤ ሰው የሚወደው ለአይቢኤም ኮምፒውተር የተጻፉ ፕሮግራሞችን በትክክል ካስኬዱት የመጀመሪያዎቹ ማሽኖች አንዱ ስለሆነ ነው።

የቁልፎቹ ችግር በሁሉም ላይ የሚመጣ ነው። በእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር ትንሽ ክብ ስፖንጅ አለ፣ ፊቱ ላይ ብረት የተቀባ ስስ ፕላስቲክ ተለጥፎበታል። ቁልፉ ሲጫን ይህ ፕላስቲክ ቦርዱን ይጠጋና ማሽኑ ያውቀዋል። ስፖንጁ በዕድሜ ብዛት እንደ ደረቀ ዳቦ ስለሚፈረፈር ፕላስቲኩ ቦርዱ ጋ አይደርስም። የኪቦርዱን ቦርድ የያዙትን ትንንሽ ብሎኖች በአንድ ሳህን ላይ እያስቀመጡ ይፍቱ፤ የተፈረፈረውን በወረንጦ ያውጡ፤ ቦርዱን በጥጥና በአይሶፕሮፒል አልኮል ይጥረጉ። አዲሱን ስፖንጅ ከዋናው ጋር እኩል ውፍረት ያለው አድርገው ይቁረጡ፤ ቢወፍር ቁልፉ ተጭኖ ይቀራል፣ ቢሳሳ አይደርስም። ብረት የተቀባው ፕላስቲክ ወደ ቦርዱ በኩል ይዙር። ቁልፎቹ 83 ናቸው፣ 100 ያህል ያዘጋጁ። የሚሠሩትንም አብረው ይቀይሩ፣ በሚቀጥለው ዓመት እነሱም ይፈርሳሉ።

አንድ ቀን ጨርሶ አልነሳ ቢልዎ ደግሞ መጀመሪያ የጠብታ ቅርጽ ያላቸውን የታንታለም ካፓሲተሮች ይጠርጥሩ። 12 ቮልቱ ላይ ያለ አንዱ ሾርት ከሆነ ፓወር ሰፕላዩ ራሱን ያጠፋል። መጠኑ እኩል፣ ቮልቱ ከፍ ያለ ያስገቡ፤ 16 ቮልት ከነበረ 25።

ጥያቄ፦ ከፒያሳ። በዕድሜ ቢጫ የሆነውን የኮምፒውተሬን ፕላስቲክ ቀለም ብቀባው ይሻላል?

መልስ፦ አይቀቡት። ለብ ያለ ውሃ፣ ጥቂት ጠብታ ሳሙና፣ የተጨመቀ ጨርቅ ይበቃል። በፐርኦክሳይድ ማንጣትም ይቻላል፣ ነገር ግን ዥንጉርጉር ያደርገዋል፣ ቢጫውም ይመለሳል። ሰብሳቢ ቢጫ ይገዛል፣ የተቀባ አይገዛም።

ጥያቄ፦ ከማራኪ። አባቴ በ1980ዎቹ በአማርኛ የጻፏቸው የአካባቢያችን ተረቶችና ግጥሞች በትንንሽ ዲስኬቶች አሉ። ኮምፒውተር ላይ ስከፍታቸው ዝብርቅርቅ ፊደል ይወጣል። ጠፍተዋል ማለት ነው?

መልስ፦ አልጠፉም። የኢትዮጵያ ፊደል ወደ ዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ ዓይነት ቁጥር ወደሚጠቀሙበት ሥርዓት የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ ፕሮግራም ፊደሎቹን በራሱ ቁጥር ነበር የሚያስቀምጠው። አንድ ባይት 256 ቦታ ብቻ ስላለው፣ የእኛ ፊደል ከነዲቃላዎቹና ከአኃዙ ስለማይበቃው አንዳንዱ አንድን ፊደል በሁለት ቁጥር ይጽፋል፣ ሌላው በሁለት ፎንት ይከፍለዋል። የሚያዩት ዝብርቅርቅ የአባትዎ ጽሑፍ ነው፣ ቁልፉ ነው የጎደለው።

መጀመሪያ የዲስኬቷን ትንሽ በር ገፍተው ቀዳዳውን ይክፈቱ፤ በዚህኛው ዓይነት ሲከፈት ነው መጻፍ የሚከለከለው፣ ከትልቁ ተቃራኒ ነው። ፋይል በፋይል ከመቅዳት ይልቅ የዲስኬቱን ሙሉ ምስል ያውጡ፤ ያልተነበበውን ቦታ ደጋግሞ የሚሞክር ፕሮግራም ይጠቀሙ። በዩኤስቢ የሚሰካው ማንበቢያ ለእነዚህ ይበቃል። በላያቸው ላይ የተጻፈውን የእጅ ጽሑፍ ፎቶ ያንሱ።

ከዚያ ፕሮግራሙንና ፎንቱን ይፈልጉ፦ ከዲስኬቶቹ በአንዱ፣ በአሮጌው ኮምፒውተር ወይም አባትዎ ባተሙት ወረቀት ራስጌ ላይ ስሙ ሊገኝ ይችላል። ኮምፒውተሩ ካለ ለቆራሌም ለልዋጭም እንዳይሰጥ፤ ለእርስዎ ከማንኛውም ሮቦትሮን ይበልጣል። ፎንቱ ባይገኝ እንኳ አባትዎ ያን ጊዜ አትመው ያስቀመጡት አንድ ገጽ ካለ መንገዱ ክፍት ነው። ገጹንና የዚያኑ ገጽ ፋይል ጎን ለጎን አስቀምጠው «ሀ» የትኛው ቁጥር እንደሆነ፣ «ሁ» የትኛው እንደሆነ እያሉ ሰንጠረዥ ይሥሩ። ቃል መለያው ሁለት ነጥብ ብዙ ጊዜ ስለሚደጋገም ከእሱ ይጀምሩ፤ እሱ ሲታወቅ ቃላቱ ይለያያሉ፣ ከዚያ «ነው»፣ «እና»፣ «ላይ» የመሳሰሉት ይወጣሉ።